ከደካማው መስመር እንጀምር

ኮምቦልቻ ላይ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ፣ ወንድሞችና እህቶች። በዚህ የኮምቦልቻ ሙቀት አዳራሹን ሞልታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ቪዲዮ ስብሰባ ነው። አጠቃቀሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሊንኩን ትጫናላችሁ፣ ማይክና ካሜራ ልክፈት ወይ ይላችኋል፣ ትፈቅዳላችሁ፣ ትገባላችሁ። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። ድምፃችሁ ከስልካችሁ ተነስቶ ሌላ ሰው ጆሮ እስኪደርስ በየት በኩል ያልፋል? ለ10 ሰው ደህና የሠራ ነገር 200 ሰው ሲገባበት ለምን ይንኮታኮታል? ደግሞስ እኛ እዚሁ ወሎ ሆነን የራሳችንን መገንባት እንችላለን ወይ?

እንችላለን። ኮዱ ተጽፎ አልቋል፣ በነፃ ይወርዳል። ከባዱ ሥራ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሀሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። እንዲህ ያለ ሲስተም መለካት ያለበት ወገል ጤና ወይም መካነ ሰላም ሆኖ በስልክ ዳታ በገባው ሰው ነው። ለእሱ ከሠራ ቢሮው ውስጥ ዋይፋይ ላለው ሰው ይሠራል። ግንባታው ከቢሮው ከተጀመረ ግን ያንን ሰው መጨረሻ ላይ መጨመር አይቻልም። የምነግራችሁ ቴክኒካዊ ነገር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣን ባጭሩ። ድሮ በብሮውዘር ውስጥ ድምፅና ምስል ለማስተላለፍ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ግድ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ግሎባል አይፒ ሶሉሽንስ የሚባለውን ኩባንያ ገዛ። ይህ ኩባንያ ድምፅ እንዳያስተጋባ የሚያደርገውንና የተቆራረጠ ድምፅን የሚጠግነውን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበር። በዓመቱ፣ በ2011፣ ጉግል ቴክኖሎጂውን ዌብአርቲሲ ብሎ ለሁሉም ከፈተው። ዛሬ ክሮምም ፋየርፎክስም ሳፋሪም ውስጥ አለ። በጥር 2021 ደግሞ ይፋዊ የድር ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። አንድ ተማሪ ዛሬ ጥቂት መስመር ጃቫስክሪፕት ጽፎ ሁለት ስልክ በቪዲዮ ማገናኘት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለቪዲዮ ስብሰባ ከሚያገለግሉት የክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ፕሮጀክቶች ሁለቱን ብቻ ላንሳ። አንደኛው ጂትሲ ነው። በ2003 ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ኤሚል ኢቮቭ ሲፕ ኮሙኒኬተር ብሎ ጀመረው፣ በ2011 ስሙ ጂትሲ ሆነ። በ2015 አትላሲያን የሚባል ኩባንያ ገዛው። በ2018 ኤይት ባይ ኤይት ወደሚባል ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ሲቀያየር ኮዱ ግን አልተዘጋም። አፓቺ በሚባለው ፈቃድ እስካሁን ክፍት ነው። ሁለተኛው ቢግብሉበተን ነው። በ2007 ካናዳ፣ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማስተማሪያ ተብሎ ተጀመረ። ሰሌዳው፣ ስላይዱ፣ ተማሪን በቡድን መክፈሉ፣ ሁሉም የክፍል ውስጥ ሥራ ነው። ለመምህራን እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ለአጭር ስብሰባና ለቢሮ ጂትሲ ይቀላል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

ሁለት ሰው በቪዲዮ ሲነጋገር ሰርቨር፣ ማለትም መሃል ላይ ሆኖ የሚያገናኝ ኮምፒውተር፣ ብዙም አያስፈልግም። ስልኮቹ በቀጥታ ይላላካሉ። ሦስተኛው ሲመጣ ያው ዘዴ ይቀጥላል፣ እያንዳንዱ ለሁለቱ ይልካል። 10 ሲሞሉ ግን እያንዳንዱ ስልክ ምስሉን 9 ጊዜ መላክ አለበት። በመካከላቸው 45 መስመር ይዘረጋል። ይህ ሜሽ ይባላል። የኛ የስልክ ኢንተርኔት ደግሞ ከማውረዱ ይልቅ መጫኑ (ከስልክ ወደ ውጭ መላኩ) ላይ ይደክማል። ስለዚህ ሜሽ ከአራት አምስት ሰው በላይ አይሄድም።

መፍትሔውን ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ቀበሌያችሁ ውስጥ አንድ ሰው ቢያርፍ ሐዘንተኛው በየቤቱ እየዞረ አያረዳም። ለቅሬው፣ ማለትም ለእድሩ፣ ይነግራል፣ ቅሬው መንደሩን ያዳርሳል። የስብሰባው ሰርቨርም የሚሠራው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ሰው ምስልና ድምፁን አንድ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ ይልካል፣ ሰርቨሩ ለሌሎቹ ያከፋፍላል። ይህ አይነቱ ሰርቨር ኤስኤፍዩ ይባላል። ጂትሲ ውስጥ ቪዲዮብሪጅ የሚባለው ክፍል ይህ ነው። ምስሉን ፈትቶ እንደገና አይሠራውም፣ እንዳለ ያስተላልፈዋል። ቀድሞ የነበረው ኤምሲዩ የሚባለው ዘዴ የሁሉንም ምስል ፈትቶ፣ ቀላቅሎ፣ አንድ አድርጎ ነበር የሚልከው። ፕሮሰሰር ይጨርስ ነበር። ኤስኤፍዩ ፕሮሰሰር ይቆጥባል፣ በምትኩ ኔትወርክ ይበላል።

ምን ያህል ይበላል? እዚህ ላይ እስክሪብቶ አውጡ።

30 ሰው ያለበት ክፍል እንውሰድ። ሁሉም ካሜራ ከፍተዋል። እያንዳንዱ ጥሩ ጥራት ያለው ምስል በ2 ሜጋቢት በሰከንድ ይልካል እንበል። እያንዳንዱ ሰው የ29ኙን ሊያይ 58 ሜጋቢት በሰከንድ ማውረድ አለበት። ሰርቨሩ ደግሞ 30 ጊዜ 58፣ ማለትም 1,740 ሜጋቢት በሰከንድ መላክ አለበት። አንድ ጊጋቢት የሚያሳልፍ የኔትወርክ ካርድ ያለው ሰርቨር በአንድ ክፍል ብቻ ይሞላል። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ ተማሪውም ለአንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜ 26 ጊጋባይት ያወጣል ማለት ነው። የዳታ ዋጋ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ፣ ይህ አይሆንም።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ የማይላከውን መለየት ነው። ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው ሲመልካስት ነው። ላኪው አንዱን ምስል በሦስት መጠን ይልካል፦ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ተቀባይ የመስመሩን አቅም እየለካ የሚመጥነውን ይመርጥለታል። ቢሮ ያለው ትልቁን ያያል፣ በስልክ የገባው ትንሹን። ሁለተኛው ላስት ኤን ነው፣ የጂትሲ ሰዎች የሠሩት። ሁሉንም ከማሳየት በቅርብ የተናገሩትን ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሳያል፣ የሌላው ምስል ጭራሽ አይላክም። እዚያው የ30 ሰው ክፍል ውስጥ ተናጋሪውን በትልቁ፣ አራት ሰው ደግሞ እያንዳንዳቸውን በ0.2 ሜጋቢት በትንሹ አሳዩ። ለአንድ ሰው 2.8 ሜጋቢት ይደርሳል፣ ሰርቨሩ በጠቅላላው 84 ሜጋቢት ይልካል። ከ1,740 ወደ 84። ያው ክፍል፣ ያው ሰው፣ ያው ሰርቨር።

ሲመልካስት ግን ነፃ ስጦታ እንዳይመስላችሁ። ሦስቱንም መጠን የሚሠራው የላኪው ስልክ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ ያሞቃል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ የመጫኛ መስመሩንም ይሻማል። ስለዚህ እኔ ለገጠር ተማሪዎች ሳዘጋጅ የምስሉን ጥራት ከ720 ፒክስል ቁመት ወደ 360 አወርደዋለሁ። የተማሪ ፊት ለማየት 360 ይበቃል።

አሁን 2.8 ሜጋቢት እንኳ በሰዓት 1.26 ጊጋባይት ነው። ወገል ጤና ላለው ሰው ይህም ብዙ ነው። ድምፁን እንይ። ኦፐስ የሚባለው የድምፅ ኮዴክ፣ ማለትም ድምፅን አጭቆ የሚልክ ዘዴ፣ በ2012 ደረጃ ሆኖ ወጣ። በሰከንድ ከ6 ኪሎቢት ጀምሮ ይሠራል። በ32 ኪሎቢት የሰው ድምፅ ኩልል ብሎ ይሰማል። ድምፁ ተቆራርጦ በሚላክበት በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የሚለጠፈው አድራሻና ምስጠራ ተደምሮ እንኳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 25 ሜጋባይት አይሞላም። 1.26 ጊጋ ባለበት ቦታ 25 ሜጋ!

እኔ ይህ ቁጥር ነው ልቤን የሚነካው። በ25 ሜጋባይት አንድ መምህር ከደሴ አንድ ሰዓት ሙሉ ማስተማር ይችላል። ጥያቄ መቀበል ይችላል። ስለዚህ ድምፅ መጀመሪያ፣ ስላይድ ሁለተኛ፣ ፊት መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ጂትሲን ስትጭኑ የማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ገብታችሁ ይህንን መጻፍ ትችላላችሁ። ቻነል ላስት ኤን የሚለው ሲመጣ ነጋቲቭ አንድ ነው፣ ገደብ የለም ማለት ነው። እሱን አምስት አድርጉት። ስታርት ቪዲዮ ሚዩትድ የሚለው ላይ 5 ብትጽፉ ከአምስተኛው ሰው በኋላ የሚገባው ሁሉ ካሜራው ተዘግቶ ይገባል፣ ከፈለገ ራሱ ይከፍታል። ስታርት ኦዲዮ ኦንሊ የሚለውን ትሩ (አዎ) ካላችሁት ስብሰባው በድምፅ ብቻ ይጀምራል። ሦስት መስመር ነው። ክፍት ምንጭ ለእኔ ትርጉም የሚሰጠኝ እዚህ ላይ ነው። የስብሰባውን ጠባይ ለኔ አካባቢ እንዲስማማ የምወስነው እኔ ነኝ፣ ሌላ አገር ያለ ኩባንያ አይደለም።

ስላይድ ላይም እንዲሁ። ጂትሲ ላይ ስክሪን ስታጋሩ ስላይዱ ቪዲዮ ሆኖ ይሄዳል። ቢግብሉበተን ላይ ግን ፋይሉን ትሰቅሉታላችሁ፣ ገጹ አንድ ጊዜ ለሁሉም ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ገጽ እስክትገልጡ ለስላይዱ የሚላክ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አንድ የሒሳብ መምህር 20 ደቂቃ አንድ ገጽ ላይ ቢቆም ተማሪው ዳታ የሚያወጣው ለድምፁ ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። አንድ የመምህራን ሥልጠና ላይ በድምፅ ብቻ የገባች አንዲት መምህርት ነበረች። ተራዋ ደርሶ ስትናገር ድምፅዋ እየተቆራረጠ መጣ። «ይሰማል መምህር? ይሰማል?» ትላለች። አሠልጣኙ «አብሽሪ እህቴ፣ ቀጥይ» ይላታል። እኔ የክሮምን የዌብአርቲሲ መከታተያ ገጽ ከፍቼ አያለሁ። ከ100 ጥቅል ውስጥ 12 ያህሉ መንገድ ላይ ይጠፋል። የመስመሩ ስፋት ግን ደህና ነበር፣ ለድምፅ ከበቂ በላይ። ኦፐስ ለዚህ መፍትሔ አለው። እያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ካለፈው ጥቅል የቀጠነ ግልባጭ ይጨምራል። አንዱ ቢጠፋ ተከታዩ ይዞት ይመጣል። የሷ ዓረፍተ ነገሮች ሻከር ቢሉም ሙሉ ሆነው ይሰሙ የነበረው በዚህ ነው። ሁለት ጥቅል ተከታትሎ ሲጠፋ ነው ቃል የሚዋጠው። ገጹ ላይ የጠፋው ጥቅልና የተጠገነው ድምፅ ጎን ለጎን ይታያል። ይህንን ገጽ ማንበብ ልመዱ። «ኔትወርኩ ነው» ብሎ መተው ቀላል ነው። የትኛው ኔትወርክ፣ በየት አቅጣጫ፣ ምን ያህል እንደጠፋ ስታውቁ ነው መጠገን የምትችሉት።

ስፋቱን እንመልከት። ሰው ሲበዛ መጀመሪያ የሚወድቀው የትኛው ክፍል ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ቪዲዮውን ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚታፈነው መልእክት አስተላላፊው ነው። ጂትሲ ውስጥ ፕሮሶዲ የሚባል ሰርቨር አለ፦ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ማይክ ዘጋ፣ ይህንን ለሁሉም ያስታውቃል። 200 ሰው አንድ ክፍል ሲገባ ስለ እያንዳንዱ ለ199ኙ መነገር አለበት። ወደ 39,800 መልእክት ነው፣ ለመግባት ብቻ። አንድ ሰው ማይኩን በከፈተና በዘጋ ቁጥር ሌላ 199። ፕሮሶዲ ደግሞ አንዱ ሂደት በአንድ ኮር፣ ማለትም በአንዱ የፕሮሰሰር ክፍል፣ ብቻ ነው የሚሠራው። 16 ኮር ያለው ማሽን ብትገዙለት አንዷ ኮር ተወጥራ 15ቱ ቁጭ ብለው ታያላችሁ። ይህንን ያላወቀ ሰው ትልቅ ማሽን እየገዛ ይከስራል።

የቪዲዮ ክፍሉ ግን በጎን ይሰፋል። ቪዲዮብሪጁን በቁጥር ትጨምራላችሁ፣ ጂኮፎ የሚባለው ክፍል አዲስ ስብሰባ ሲከፈት ጫና ያልበዛበትን መርጦ ይመድባል። ብዙ ትንንሽ ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ በዚህ ብቻ ሩቅ ይሄዳል። ቢግብሉበተን ላይ ይህንን የሚሠራው ስኬልላይት ይባላል። የሚከብደው አንድ ግዙፍ ስብሰባ ነው፣ እሱን በብዙ ብሪጅ ከፋፍሎ እርስ በርስ ማገናኘት ይጠይቃል። እኔ ከመጀመሪያው ወደዚያ አትሂዱ እላለሁ። አብዛኛው የኛ ፍላጎት የ30 እና የ60 ሰው ክፍል ነው።

መቅዳት? ጅብሪ የሚባለው ክፍል ለአንድ ቀረጻ አንድ ሙሉ ክሮም ከፍቶ፣ ስብሰባውን እንደ አንድ ተሳታፊ እያየ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ አንድ ጅብሪ፣ አንድ ቀረጻ። ከስብሰባው ሰርቨር ለዩት።

አሁን በየትኛውም የውጭ መመሪያ ላይ ጎላ ብሎ ስለማታገኙት ነገር ልንገራችሁ፦ መብራት። ደሴ ላይ ስብሰባ ሞቅ ብሎ ሳለ መብራት ሄደ እንበል። ዋይፋዩ ይጠፋል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ መስመር ግን የለውም። ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው በዳታ ለመግባት ይሞክራሉ። አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ስልክ ዳታ ስለሚዞር እሱም ይጨናነቃል። ከዚያ መብራት ይመጣል፣ ሁሉም ራውተር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነሳል፣ ሁሉም ብሮውዘር በአንድ ጊዜ በር ያንኳኳል። ቀን ሙሉ ሳይነቃነቅ የዋለ ሰርቨር በዚያች ደቂቃ ይወድቃል። የወደቀውን ሊጠይቁ ሁሉም እንደገና ይሞክራሉ፣ እንደገና ይወድቃል።

መድኃኒቱ ክላየንቱ (ተሳታፊው ጋ ያለው ፕሮግራም) ውስጥ ነው። ግንኙነት ሲቋረጥ ወዲያው አይሞክር። እያንዳንዱ የተለያየ፣ በዕጣ የወጣ ጊዜ ይጠብቅ። ካልተሳካ የሚጠብቀውን በእጥፍ ያሳድግ። የተሳታፊውንም ቦታ ሰርቨሩ ለጥቂት ጊዜ ይያዝለት፣ ሰውየው ከዋይፋይ ወደ ዳታ ቢዞር ስብሰባውን ሳይለቅ መንገዱን ብቻ እንዲቀይር። ለአቅም ሙከራ ስትዘጋጁ ቀስ በቀስ ሰው እየጨመራችሁ አትሞክሩ። 100 ሰው አስገቡ፣ ሁሉንም በአንዴ ቁረጡ፣ ሁሉንም በአንዴ መልሱ። ያንን ካለፈ ለደሴ ዝግጁ ነው።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ? ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ከሆነ ግን ወልድያ ያለው ሰው ለደሴው ወንድሙ «ሰላም» ሲለው ቃሉ በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጀርመን ደርሶ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ለስልክ ንግግር ያለው ዓለም አቀፍ ምክር ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሰዎች እየተደራረቡ መናገር ይጀምራሉ። «ቀጥል… አይ አንተ ቀጥል…» የምንባባለው ለዚህ ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ወይም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሆን ንግግሩ ንግግር ይመስላል። ከውጭ ጋር ያለው መስመር ሲደክምም የአገር ውስጡ ስብሰባ ይቀጥላል።

ምስጢራዊነቱም እዚህ ይነሳል። በዌብአርቲሲ ምንም ነገር ሳይመሰጠር አያልፍም። ነገር ግን ምስጠራው ከስልክ እስከ ሰርቨር፣ ከሰርቨር እስከ ስልክ ነው። መሃል ላይ ሰርቨሩ መፍታት ይችላል። ሰርቨሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የሐኪምና የታካሚ ንግግር ላይ፣ የተማሪ ውጤት ላይ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጥርም አለ፣ እሱን ስትከፍቱ ግን ቀረጻው አይሠራም።

አንድ የምታገኙት እንቅፋት ደግሞ ፋየርዎል፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚገባና የሚወጣውን የሚያግደው ዘብ፣ ነው። ጂትሲ ድምፅና ምስሉን ዩዲፒ በሚባለው የመላኪያ ዘዴ፣ በወደብ (በበር) ቁጥር 10000 ይልካል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ስብሰባው ውስጥ ገብቶ፣ ስሙ ተዘርዝሮ እየታየ ማንም ማንንም አይሰማም ነበር። ወደቡ ተዘግቶ ነው። ተርን የሚባል አሸጋጋሪ ሰርቨር አቁማችሁ በወደብ 443 እንዲያልፍ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ተራ ድረ ገጽ የሚያልፍበት ወደብ ስለሆነ አይዘጉትም። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ይሠራል።

ንግግሬን ስጨርስ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላስፍር።

አንድ ተማሪ «ነፃ የሆነ የጂትሲ ድረ ገጽ እያለ ለምን ሰርቨር እንገዛለን?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለጓደኛሞች ስብሰባ አትግዙ፣ እሱ ይበቃል። ግን የሰው አገልግሎት የሰው ነው። በነሐሴ 2023 ያ ድረ ገጽ ክፍል ለሚከፍት ሰው በጉግል፣ በጊትሃብ ወይም በፌስቡክ መለያ መግባትን ግዴታ አደረገ። መብታቸው ነው፣ ምክንያትም ነበራቸው። ትምህርት ቤት ግን ፕሮግራሙን ሌላ ሰው ሊቀይረው በሚችል ነገር ላይ መጣል የለበትም። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ደንቡ የማይመቸው ሰው የራሱን አቁሞ ይቀጥላል።

አንዲት መምህርት «ለመጀመር ምን ያህል ማሽን ያስፈልገናል? ማንስ ይጠብቀዋል?» አሉኝ። ለጂትሲ ሙከራ 4 ኮርና 8 ጊጋ ራም ያለው ማሽን፣ ኡቡንቱ ተጭኖበት፣ ይበቃል። ቢግብሉበተን 8 ኮርና 16 ጊጋ ይፈልጋል። ማሽኑና ራውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ላይ ይሁኑ። ለጠባቂ ግን አንድ ሰው አይበቃም። ያ ሰው ለትምህርት ሲሄድ ወይም ሥራ ሲቀይር የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ የሚሰጠው የድረ ገጽ የደህንነት ሰርተፍኬት ዕድሜው አጭር ስለሆነ በየጊዜው ይታደሳል፣ እድሳቱ ሳይሳካ ሲቀርና የሚያይ ሰው ሲጠፋ ብሮውዘሩ ማይክ መክፈት እምቢ ይላል። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪ መድቡ፣ አንዱ የሦስተኛ ዓመት፣ አንዱ የሁለተኛ። ትልቁ ሲመረቅ ትንሹ ይረከባል፣ አዲስ ሰው ያስገባል። የተማሩትን ይጻፉት፣ በአማርኛ።

መምህርቷ «ዛሬውኑ ማየት ይቻላል?» አሉ። ላፕቶፔ ላይ ጂትሲ ተጭኖ ነበር። የአዳራሹን ዋይፋይ ከፈትን፣ 40 የሚሆኑ ስልኮች ገቡ፣ ካሜራ ተዘግቶ፣ ድምፅ ብቻ። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች በስልካቸው ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ።